በኖራ የጠፋው ወሰን

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አሰብ ሲወርድ፣ ጅማ ሲመላለስ ወገቡ ተቆረጠና ጡረታ ወጣ። ከዚያ በኋላ ከዚህ ዓለም የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቀመጥ። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ተዳፋት ላይ፣ በገዛ እጁ ባሕር ዛፍ ማግሮ፣ ጭቃ ረግጦ የሠራት ቤት ነበረችን። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ወጥቶ ከተማውን ቁልቁል እያየ፣ «ከእንግዲህ ከዚህች ቤት የሚያወጣኝ ሞት ብቻ ነው» ይል ነበር። ሞት ቀርቶ ኮሚቴ መጣ።

እኔ የእሱ ተቃራኒ ነኝ። መቀመጥ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ያን ጊዜ ከታች ባለው ትምህርት ቤት ልጆች አስተምር ነበር፤ ክፍል ውስጥ ቆሜ፣ ቤት ስገባ ቆሜ፣ አንዳንዴ ስበላም ቆሜ ነው። እማዬ፣ «አንቺ ልጅ፣ እግርሽ ውስጥ ጉንዳን ገባ እንዴ? ኧረ አረፍ በይ!» ትለኛለች። እሷስ ብትሆን መች ዐርፋ ታውቃለች? ሲነጋ ሾላ ገበያ ወርዳ በርበሬና ቅመም ስትሸጥ ትውላለች፣ ሲመሽ ዳገቱን እያለከለከች ትወጣለች። ከቤቱ ሰው ሁሉ መቀመጥ የሚያውቅበት አባዬ ብቻ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ቤታችን የቆመችበት ቦታ ከተማም አይደለም፣ ገጠርም አይደለም። በንጉሡ ዘመን አባዬ ቦታውን ከባላባቱ ሲያገኝ ስለ ወሰን የጠየቀው ሰው አልነበረም። አብዮቱ ሲመጣ የከተማው መሬት በቀበሌ፣ የገጠሩ መሬት በገበሬ ማኅበር እጅ ገባ፤ ተዳፋቱ ላይ የነበርነው ጥቂት ቤቶች ግን መሐል ላይ ተንጠልጥለን ቀረን። ስኳር መጣ ሲባል የቀበሌው ሱቅ ስንሰለፍ፣ «እናንተ ገጠር ናችሁ፤ ወደ ገበሬ ማኅበራችሁ!» ይሉናል። ገበሬ ማኅበሩ ዘንድ ስንሄድ ደግሞ፣ «በሬ አላችሁ? ሞፈር አላችሁ? ታዲያ የምን ገበሬ ናችሁ?» ብለው ይስቁብናል። ለስብሰባና ለዘመቻ ሲሆን ግን ሁለቱም አይረሱንም። ስብሰባው እጥፍ፣ ስኳሩ ባዶ! በዚህ ነገር ያልተጣላሁት የሱቅ ሠራተኛ የለም።

በመጨረሻ ከከተማውና ከአውራጃው የተውጣጣ የጋራ ኮሚቴ ተቋቋመ ተባለ። ሥራው ተዳፋቱ ላይ አንድ መስመር ማስመር ነው። ከመስመሩ በታች መኖሪያ ሰፈር ይሆናል፤ ውሃ ይገባል፣ መብራት ይገባል፣ የቤት ቁጥር ይለጠፋል። ከመስመሩ በላይ ያለው እርሻና ደን ይሆናል፤ እዚያ ቤት የሚባል አይቆምም፤ ቆሞ የተገኘም ይነሳና ባለቤቱ ከጋራው ጀርባ በሚመሠረተው አዲስ መንደር ቦታ ይሰጠዋል። ሰፈሩ ሁሉ ደስ አለው። እኔ ግን ደስታውን ልውጠው ብል አልወርድ አለኝ፤ ምክንያቱም ከቤቶቹ ሁሉ በላይ፣ ጫፍ ላይ የምትገኘው የኛ ነበረች።

ኮሚቴው የመጣው ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ቀን ነው። ከከተማው በኩል ወጣት መሐንዲስ፤ መነጽሩ በእንፋሎት እየተሸፈነ የሚያስቸግረው። ከአውራጃው በኩል ካኪ የለበሰ፣ ሲናገር ጋራው የሚመልስለት ሰውዬ። መሐንዲሱ ብዙ ቤት እንዲሠራበት መስመሩን ወደ ላይ ይጎትታል፤ የአውራጃው ሰው እርሻው እንዳይነካበት ወደ ታች ይገፋል። አንዱ ድንጋይ ላይ ቆመው፣ «ትንሽ ከፍ በል»፣ «ኧረ ውረድ»፣ ሾላ ገበያ በበርበሬ ዋጋ የሚከራከሩ ይመስሉ ነበር። እኔ ከኋላ ከኋላቸው እየተከተልኩ፣ መሐንዲሱ አንድ እርምጃ ከፍ ሲል ነፍሴ ትመለሳለች፣ ያኛው ሲያወርደው ዞሬ ቤታችንን አያለሁ። አባዬ ከበረንዳው አልተነሳም።

አመሻሹ ላይ ደመናው ሲመለስ ሁለቱም ሰለቻቸውና ተስማሙ። እንጨት አልቸከሉ፣ ገመድ አልዘረጉ። በመስመሩ ላይ ያገኙትን ድንጋይ እየመረጡ ኖራ ቀቡት፤ ልኩ ዝናቡ ሲያበቃ በመሣሪያ ይወሰዳል ተባለ። ነጩ መስመር ከታች ካሉት ቤቶች በላይ አለፈ፤ የኛን ግን አጥራችን ግርጌ ታኮ፣ ደጅ ትቷት ሄደ። አባዬ መሐንዲሱን ጠራው።

«ልጄ፣ እኔ እንግዲህ የት ነኝ?»

«እርስዎ... ከመስመሩ በላይ ነዎት፣ አባባ» አለ መሐንዲሱ፣ ዐይኑን ወደ መሬት ጥሎ። «እኔ ሞክሬ ነበር።»

«አይ፣ አየሁ እኮ። እግዜር ይስጥህ» አለው አባዬ። እማዬ ጓሮ ወደ ተከለችው እንሰት ሄዳ ቅጠሉን እየዳበሰች ቆመች። እንሰት ነቅለህ ወደ ሌላ መንደር አትወስደውም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት እንዴት እንዳለፍኩት እኔው ነኝ የማውቀው። ትምህርት ቤቱ ገና አልተከፈተም፤ ሲነጋ ቀበሌ፣ ከቀበሌ አውራጃ። «ነገ ነይ»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «እህት፣ ጉዳዩ የጋራ ነው፤ በዚያኛው በኩል ጨርሺ»። በዚያኛው በኩል ስሄድ በዚህኛው በኩል ጨርሺ። ማታ ቤት ገብቼ ከበር እስከ ምድጃ ስመላለስ አባዬ፣ «ልጄ፣ ወለሉን ጨረሽው፤ ለሚያፈርሱት ሰዎች የሚተርፍ ነገር ይኑር እንጂ» ብሎ ይቀልዳል። በቀልዱ እናደዳለሁ። ንዴቴ አልቅሺ አልቅሺ ይለኛል።

እንዲህ ሆነን ሳለ የአብዮት በዓል ደረሰ። በዓሉ ሲቃረብ ቀበሌው ሁልጊዜ ዘመቻ ያውጃል፤ አጥር ይቀባል፣ ቦይ ይጠረጋል፣ በየመንገዱ ዳር ያለ ድንጋይ ኖራ ይለብሳል። የዚያን ዓመት ደግሞ እንግዳ በታችኛው አውራ ጎዳና ያልፋል፣ ቀና ብሎ ጋራውን ያያል ተባለና ተዳፋቱም እንዲጸዳ ታዘዘ። እኛ ጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ኖራ በበርሜል መጣልን። ስኳር በኪሎ የከለከለን ቀበሌ ኖራ በበርሜል ላከ!

ታዲያ ከታች ያሉት ጎረቤቶቻችን ገና ከተሜ መሆናቸው ነው። ከመስመሩ በታች ገብተዋል፤ ቀበሌው ደግሞ እያያቸው ነው። ይህን አጋጣሚ ማን ያሳልፋል? ትእዛዙ «የመንገድ ዳር ድንጋይ» የሚል ነበር፤ ተዳፋቱ ላይ ግን መንገድ የለም። ማንም፣ «እንግዲህ የቱን እንቅባ?» ብሎ አልጠየቀም። ያገኙትን ድንጋይ ሁሉ ቀቡት። እናቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ሽማግሌዎች በመጥረጊያ እየነከሩ፣ እየተፎካከሩ ወደ ላይ ወጡ። ኖራው ተርፎ ዝናብ ከሚያበላሸው ብለው የባሕር ዛፉን ግንድ እስከ ወገቡ ቀቡለት። እኔም ቀብቻለሁ፤ ቁጭ ብዬ ከማየት ይሻለኛል ብዬ። የኮሚቴው ድንጋዮች ትዝ ያሉት ሰው አልነበረም። ወላሂ፣ አንድም ሰው! ነገሩ የገባኝ ጥቅምት ላይ ኮሚቴው ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን አሸክሞ ሲመጣ ነው።

መሐንዲሱ መሣሪያውን አቁሞ፣ ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና አለ። መነጽሩን ጠርጎ እንደገና አየ። ከታች እስከ ላይ ተዳፋቱ በግ የተሰማራበት መስክ መስሏል።

«የታለ መስመሩ?» አለ የአውራጃው ሰው።

አንዲት ጎረቤታችን አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ግን ልቤ ዘለለ። መስመሩ የለም! ከሌለ ደግሞ እንደገና ሊሰመር ነው፤ እንደገና ከተሰመረ ከቤታችን በላይ ሊሆን ይችላል።

ሁለቱ ሰዎች ካቆሙበት ቀጠሉ። መሐንዲሱ መስመሩ ከኛ ቤት በላይ ነበር ብሎ ድርቅ አለ። የአውራጃው ሰው ደግሞ ጭራሽ ከታች፣ ከጎረቤቶቻችንም በታች አደረገው። «ጓድ መሐንዲስ፣ አታደናግረን!» «ጓድ፣ ያደናገርከን አንተ ነህ!» ሲባባሉ ጸሐይ አናት ላይ ደረሰች። ያኔ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በእነሱ ዘንድ ያለውን ልማድ አነሳ። ወሰን ሲጠፋ ከየወገኑ አንድ ሰው ይመረጣል። አንደኛው ድንጋይ ተሸክሞ ይሄድና ወሰኑ የነበረበት ቦታ ያኖረዋል። ሌላው ጀርባውን ሰጥቶ ይቆያል፤ አንዱ የሌላውን አያይም። ሁለቱ ከተገናኙ ነገሩ አለቀ፤ ካልተገናኙ ኮሚቴው አንዱን ይመርጣል።

ተስማሙ። እያንዳንዳቸው ለራሳቸው የሚበጀውን መረጡ። መሐንዲሱ አባዬን ጠራ፤ ሲጠራው እኔን አየኝ፣ ዐይኑ ውስጥ ያለው ገባኝ። የአውራጃው ሰው ከቤታችን ጎን ገብስ የዘራውን ገበሬ ጠራ። ይህ ገበሬ የአባዬ እኩያ ነው፤ ቤቱ ከጋራው ማዶ ነው፤ ማሳው ግን አጥራችንን ታኮ ወደ ላይ ይወጣል። መስመሩ ከቤታችን በላይ ቢያልፍ የማሳው ምርጥ ቁራጭ ከተማ ገብቶ ከእጁ ይወጣል። አባዬን «አንተ ሾፌር» ብሎ ነው የሚጠራው። ማሳውን ከጃርት ሲጠብቅ ባመሸ ቁጥር በረንዳችን ላይ ተቀምጠው ሲያወጉ ይቆዩ ነበር።

አባዬ ድንጋዩን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ረድቼው ጆሮው ሥር ተጠጋሁ። «አባዬ፣ በሞቴ፣ ከቤቱ በላይ አድርገው። ማንም አያውቅም። በእማዬ ሞት!»

ድንጋዩን ታቅፎ፣ በዚያ በተቆረጠ ወገቡ፣ እየተወላገደ መሄድ ጀመረ። ገበሬውን ከቤታችን ጀርባ ወስደው አቁመውታል። አባዬ ወደ ቤታችን ደረሰ። እንግዲህ ወደ ላይ ይታጠፋል ብዬ እግሬ መሬት አልረግጥ ብሏል። አልታጠፈም። አጥራችንን ይዞ ወደ ታች ወረደ፣ ግርጌው ላይ ድንጋዩን አኖረና እጁን አራገፈ።

«እዚህ ነበር» አለ።

እማዬ፣ «ያ ረቢ!» ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። መሐንዲሱ ፊቱ ጠቆረ። የአውራጃው ሰው ግን ፈገግ አለ፤ የራሱ ሰው ተራ ገና ሳይደርስ ነገሩ አልቆለታል። እኔ ምን እንደሆንኩ አትጠይቀኝ። አባቴን ጠላሁት። ያን ሰዓት፣ እዚያው ቆሜ፣ ከልቤ ጠላሁት።

ድንጋዩን ወደ ቦታው መለሱና ገበሬውን አመጡት። ድንጋዩን ትከሻው ላይ ጣል አደረገው፤ ሾላ ገበያ ማዳበሪያ ሙሉ እህል የሚያወርድ ሰው ነው፣ ምኑም አይደለም። ወደ ታች ይሄዳል ብለን ስንጠብቅ ወደ ላይ ወጣ። ቤታችንን አለፈ። ማሳው ውስጥ ገባ። ያንን እሸት ገብስ በባዶ እግሩ እየረገጠ፣ እየሰነጠቀ ሄዶ፣ ከቤታችን ከፍ ካለው ቦታ ላይ ድንጋዩን ጣለው።

«ይኸው» አለ።

የአውራጃው ሰው ጮኸ። «አንተ! አብደሃል እንዴ? የራስህን ማሳ እኮ ነው!»

«ማሳዬን የማላውቅ መሰለህ?»

«በል ማልልኝ! ሚካኤልን ብለህ ማልልኝ!»

ገበሬው ቁልቁል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች አየና ራሱን ነቀነቀ። «መሐላ አልምልም። ድንጋዩ ግን እዚያ ነው።»

እንደዚህ ያለ ምስክርነት አይተን አናውቅም። አንዱ ቤቱን፣ ሌላው ማሳውን ሰጠ፤ ሁለቱም የተናገሩት በገዛ ራሳቸው ላይ ነው። የአውራጃው ሰው ወደ አባዬ ድንጋይ ቦታ እየጠቆመ፣ «የራስህ ሰው ከታች ነው ብሏል፤ በሱ እንሂድ!» አለ። መሐንዲሱ ግን ነቃ ብሎ ነበር። ድምፁን ሳያነሳ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ፣ «ጥሩ። እንግዲህ ጭቁኑ ገበሬ በአደባባይ ዋሽቷል፣ ጡረተኛው እውነት ተናግሯል ብለህ ፈርም፤ እኔም እፈርማለሁ» አለው። ሊቀመንበሩም ሌሎቹ ገበሬዎችም ዞረው የአውራጃውን ሰው አዩት። በዚያ ዘመን በየስብሰባው ገበሬውን ሲያሞግስ የሚውል ሰው፣ ገበሬው ውሸታም ነው ብሎ የሚፈርም እጅ ከየት ያመጣል? ከዚያ መሣሪያው ከገበሬው ድንጋይ ላይ እንዲቆም አዘዘ።

ቤታችን ተረፈች። እማዬ እልል አለች፣ ጎረቤት ሁሉ አብሯት እልል አለ። እኔ እየሳቅኩ፣ እያለቀስኩ ነበር። አባዬ ግን ዘመድ እንደ ሞተበት ሰው ፊቱን አጥቁሮ ቆመ። ሰዉ ሲበተን ገበሬውን ክንዱን ይዞ ጎትቶ በረንዳው ላይ አመጣው።

«ለምን ዋሸህ?»

«አልማልኩም እኮ።»

«አትቀልድብኝ። ለምን ዋሸህ?»

ገበሬው እግሩ ላይ የተጣበቀውን እሸት አራገፈ። «አንተ ሾፌር፣ አንተን ቢያነሱህ እዚህ ዛፍ ነው የሚተክሉበት። ጅብ ቢመጣብኝ ዛፉን ጠርቼው ይመጣልኛል?» አለና ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

እኔ ደግሞ ተራዬን ጠብቄ ፈነዳሁ። «ቤትህን በገዛ እጅህ ልታፈርሰው! እማዬን ልታስወጣት! ምን ዓይነት ሰው ነህ?» እያልኩ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ስል አባዬ ሰምቶ ሰምቶ፣ «ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ኬላ ላይ ምን ጫንክ ሲሉኝ ያልጫንኩትን ጭኛለሁ ብዬ አላውቅም። አሁን በሽምግልናዬ አልጀምረውም» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ምን ትለዋለህ? እንደገና ተናደድኩ።

ቁጥር ተለጠፈልን፣ የስኳር ደብተር ተሰጠን። ቀበሌው ወዲያው፣ «ግቢያችሁን አጥሩ» አለ፤ ግቢያችን ሲሉ እስከ ላይኛው ድንጋይ፣ የገበሬውን ማሳ ጨምረው ነው። እኔ አጥሩ ይታጠር ብዬ ወጥሬ ያዝኩ፤ ክፍት ትተነው የአውራጃው ሰው ሰበብ ቢያገኝስ? ለአባዬ የአጥሩን ባሕር ዛፍ አስመጣሁለት፤ እሱ ግን ሳይነካው ቤቱ ጎን ተቆልሎ ከረመ። ሰኔ ላይ ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ ወረደ፤ ከላይኛው ድንጋይ ሲደርስ ግን ሞፈሩን አነሣና በሬዎቹን አዞረ። አባዬ ከበረንዳው ሆኖ፣ «ወዴት ነው የምታዞረው? ና እንጂ፣ ና ግባ!» ብሎ ጮኸ። ገበሬው እምቢ ሲለው ራሱ ወጥቶ በሬዎቹን በቀንዳቸው እየሳበ እስከ መስኮታችን ሥር አመጣቸው።

እኔ ሞቼ ነበር። ከተሜ ሰው ቦታውን ለገበሬ ሰጥቶ ቢያሳርስ መሬት አከራየ ይባላል፤ ቦታው ይነጠቃል፣ ቤቱም አይተርፍም። ገብሱ በበቀለ ቁጥር እኔ መንምኜ አለቅሁ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ብድግ እላለሁ። ጥቅምት ላይ ገብሱ መስኮታችንን ሲደርስ የፈራሁት ሆነ፤ የአውራጃው ሰውና መሐንዲሱ የመኖሪያውን ሰፈር ሊጎበኙ አብረው መጡ። ገበሬው ማጭዱን ይዞ ማሳው መሐል ቆሟል፤ የሚሸሽበት ጊዜ እንኳ አላገኘም።

የአውራጃው ሰው ገብሱን አየ፣ ገበሬውን አየ፣ ከዚያ አባዬን አየ። ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቀውን አገኘ። «ይህ ገብስ የማን ነው?»

«የኔ ነው» አለ አባዬ።

«ማን አረሰው?»

«እኔ።»

«በዚህ ወገብዎ?»

«ቀስ እያልኩ ነዋ።»

«ይህ ሰውዬስ ማጭድ ይዞ እዚህ ምን ይሠራል?»

«አጨዳ ሊያስተምረኝ ነው የመጣው። እኔ ሾፌር ነኝ፤ ማጭድ አላውቅም» አለ አባዬ፣ ዐይኑን ሳያርገበግብ። መሐንዲሱ መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር። ገበሬው ጎንበስ ብሎ ጥቂት ገብስ አጨደና፣ «እንዲህ ነው የሚያዘው» ብሎ ለአባዬ አሳየው። አባዬም ማጭዱን ተቀብሎ አጎነበሰ።

አባዬ ሲዋሽ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።